ብስክሌት ከኤሌክትሪክ መኪና ኋላ ሲጫን፦ ገዢው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ቁጥር

የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ በተነሳበት ሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ "በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?" የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የተራራ ብስክሌት ይዞ ከከተማ ለሚወጣ ቤተሰብ ግን ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህ መኪና ከኋላው ስንት ኪሎ መሸከም ይችላል? ለዚህኛው አብዛኛው ሻጭ የተዘጋጀ መልስ የለውም። አብዛኛው ገዢም አይጠይቅም። ነገሩ ትዝ የሚለው መኪናው ግቢ ከገባ፣ ብስክሌቱም ከተገዛ በኋላ ነው።

ጥያቄው ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በኮሎራዶ አውሮራና ዴንቨር፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ብስክሌት ይዘው ወደ ተራራ መውጣትን ከአካባቢያቸው ተምረዋል። አገር ቤት ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ካሳወቁ ወዲህ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ምርጫው በአመዛኙ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ስለዚህ መኪናው ምን ይሸከማል፣ በየት በኩል ይሸከማል የሚለው የጥቂት ስፖርተኞች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና የብስክሌት ትክክለኛ ቦታ ከኋላ፣ ተሳቢ በሚጎተትበት ጋንቾ ላይ በሚሰካ መጫኛ ነው። ይህን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ግን የባትሪው መጠን ሳይሆን ጋንቾው ላይ ወደ ታች እንዲያርፍ የተፈቀደው ክብደት ነው። ይህ ቁጥር መታወቅ ያለበት መኪናው ከመገዛቱ በፊት ነው።

ጣራው ለምን አልተመረጠም?

ለዘመናት ትርፍ ዕቃ የሚጫነው ፖርቶመጋላ ላይ ነበር። የቤንዚን መኪና ጣራው ላይ ብስክሌት ቢቆምበት ነዳጅ መጨመሩ አይቀርም፤ ሆኖም ማደያ በየመንገዱ ስላለና መሙላቱ ደቂቃዎች ብቻ ስለሚወስድ ነጂው ልዩነቱን ልብ አይለውም። የኤሌክትሪክ መኪና እንዲህ ያለውን ብክነት አይደብቅም። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይይዛል። በዚህ ሂሳብ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ7 ሊትር ቤንዚን ያነሰ ኃይል ነው የተሸከመው። መኪናው ያንን ይዞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ሞተሩ በሙቀት መልክ የሚያባክነው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። የቤንዚን ሞተር ግን ከተቀዳለት ኃይል ከግማሽ በላዩን በሙቀት ያጣዋል። በቁጠባ ለሚሄድ መኪና ነፋስ የሚወስድበት እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ወዲያው ዳሽቦርዱ ላይ ይታያል።

የነፋስ ተቃውሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ያለ ነጂ ፍጥነቱን የጨመረው 20 በመቶ ነው፤ ነፋሱ ግን 44 በመቶ ይበረታበታል። ጣራ ላይ የቆመ ብስክሌት ይህን ነፋስ ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ቱቦው፣ መሪው፣ ፔዳሉና የጎማ ሽቦው እያንዳንዳቸው አየሩን ይበጥሱታል። ከኋላ የተጫነ ብስክሌት አብዛኛው አካሉ መኪናው አስቀድሞ በከፈተው የአየር መንገድ ውስጥ ስለሚከለል የሚያመጣው ጉዳት ያነሰ ነው። ጨርሶ ነፃ አይደለም፤ የተራራ ብስክሌት መሪው ሰፊ በመሆኑ ጎማዎቹና መሪው በመኪናው ግራና ቀኝ ሊወጡ ይችላሉ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ባትሪው ለጉዞ የሚውል 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለውና በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪና እንውሰድ። ባዶውን 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የኋላ ጭነቱ ፍጆታውን 15 በመቶ ቢጨምርበት ወደ 348፣ የጣራው ጭነት 30 በመቶ ቢጨምርበት ወደ 308 ይወርዳል። መቶኛው እንደ መኪናው ቅርጽና እንደ ፍጥነቱ ይለያያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የ40 ኪሎ ሜትር ልዩነት ግን ቻርጅ ማድረጊያ በተራራቀበት መንገድ ላይ መድረስና አለመድረስን ሊወስን ይችላል።

ወደዚህ አቅጣጫ ቀደም ብሎ የሄደ አንድ መኪና አለ። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሞዴል ኤክስ የኋላ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱ በመሆናቸው ጣራው ላይ ምንም መጫን አይቻልም። ኩባንያው ለብስክሌትና ለበረዶ መንሸራተቻ የነበረው አማራጭ የኋላ ጋንቾ ብቻ ነበር፤ መኪናው ተሳቢ የመጎተት ፈቃድም ይዞ ወጣ። በአንድ ሞዴል ላይ የበሩ ቅርጽ ያስገደደው አካሄድ፣ ዛሬ በነፋሱ ምክንያት ለሌሎቹም ሁሉ ተመራጭ ሆኗል።

ከ"ስንት ይጎትታል" ይልቅ "ስንት ይሸከማል"

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሻጩ "ይህ መኪና 1,600 ኪሎ ይጎትታል" ሲል ገዢው ሁለት ብስክሌት እንደ ላባ ይቀለዋል ብሎ ያስባል። መጎተትና መሸከም የተለያዩ ናቸው። ተሳቢ የራሱ ጎማ አለው፤ ክብደቱን በአብዛኛው መሬቱ ይሸከምለታል፤ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ጥቂቱ ነው። የብስክሌት መጫኛ ጎማ የለውም። ያለ የሌለ ክብደቱ ጋንቾው ላይ ይንጠለጠላል። በአውሮፓ ገበያ ባሉ ብዙ መኪኖች ለዚህ የተፈቀደው ወደ ታች የሚያርፍ ክብደት ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው።

75 ኪሎ ብዙ ሊመስል ይችላል። ስንደምር ግን እንዲህ ነው። ጎማ የሚቆምበት ጠንካራ የሁለት ብስክሌት መጫኛ ራሱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ተራ የተራራ ብስክሌት ከ13 እስከ 16 ኪሎ ነው፤ በባትሪ የሚታገዘው ግን ከ20 እስከ 25 ይደርሳል። 24 ኪሎ መጫኛና እያንዳንዳቸው 24 ኪሎ የሆኑ ሁለት ባለባትሪ ብስክሌቶች 72 ኪሎ ሆኑ። ሦስተኛ ብስክሌት የሚባል ነገር የለም። የብስክሌቶቹን ባትሪ ነቅሎ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ከእያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይቀንሳል፤ ባትሪውንም ከዝናብና ከአቧራ ያድነዋል። ይህን ልማድ ማድረግ ይገባል።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠም ያው ትልቅ ጉዳይ ነው። ከኋላ ጎማዎች ወዲያ የተንጠለጠለ ነገር የመኪናውን አፍንጫ ያነሳል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 2.9 ሜትር ያለው መኪና ከኋላ ጎማው 1.65 ሜትር ወዲያ 72 ኪሎ ቢሸከም፣ የኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚጨመረው 72 ሳይሆን 113 ኪሎ ያህል ነው፤ ከፊት ጎማዎቹ ላይ ደግሞ 41 ኪሎ ያህል ይነሳል። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና እርጥብ ዳገት ላይ ጎማው በቀላሉ ሊሾር ይችላል። መንገዱ ጎርበጥባጣ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጭነቱን ለቅጽበት እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ የመጫኛ አምራቾች ለጠጠር መንገድ የሚፈቅዱትን ክብደት ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጨርሰው የሚከለክሉም አሉ። ቴስላም ለሞዴል ዋይ በጋንቾው ላይ ለሚሸከም ዕቃ የሚፈቅደው ክብደት ለተሳቢ ከሚፈቅደው ያነሰ ነው።

ታዲያ አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጋንቾ የሌላቸው ለምንድን ነው? ባትሪው ከባድ ስለሆነ መኪናው ለመሸከም ከተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ላይ ቀድሞ ብዙ ወስዷል። ጋንቾ ደግሞ የግጭት መከላከያውን አሠራር ይነካል፤ ለየገበያው የራሱ ፍተሻና ፈቃድ ይጠይቃል። ፎልክስዋገን ለአይዲ 3 ያገኘው መፍትሔ አስተማሪ ነው። ተሳቢ መጎተት አልፈቀደም፤ ነገር ግን ለብስክሌት መጫኛ ብቻ የሚሆን 75 ኪሎ የሚሸከም ጋንቾ አቀረበ። ቴስላ ሞዴል 3ን በአውሮፓ ከጋንቾ ጋር ሲሸጥ፣ በአሜሪካ ግን ጋንቾ ከፋብሪካ አልቀረበለትም፤ እዚያ ያሉ ባለቤቶች ከሌሎች አምራቾች ገዝተው ያስገጥማሉ። ተመሳሳይ ስም ያለው መኪና በሁለት ገበያ ሁለት ዓይነት አቅም ይኖረዋል ማለት ነው። "ዘመዴ እዚያ አገር ጭኖበታል" የሚለው ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቻርጅ ማድረጊያው፣ ሴንሰሩና ታርጋው

የኋላ ጭነት የራሱ ችግሮች አሉት፤ መሸፋፈን አይገባም።

የመጀመሪያው ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ነው። የቴስላ ሶኬት በግራ ኋላ በኩል ነው፤ የፎልክስዋገን አይዲ 4 እና የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 በቀኝ ኋላ። ብዙዎቹ የቴስላ ጣቢያዎች መኪናው ወደ ኋላ ገብቶ እንዲጠጋ ታስበው በአጭር ገመድ የተሠሩ ናቸው። ከኋላ አንድ ሜትር የሚያህል ብስክሌት የተሸከመ መኪና የሚፈለገውን ያህል መጠጋት አይችልም። አዲሶቹ ጣቢያዎች ረዘም ያለ ገመድ ይዘው መጥተዋል፤ አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ናቸው። ኒሳን ሊፍ በፊት በኩል፣ ቢዋይዲ አቶ 3 በፊት ቀኝ ጎኑ ስለሚሞሉ ይህ ችግር አይነካቸውም። ብስክሌት የሚወድ ገዢ ሶኬቱ የት እንዳለ ማየቱ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛው ሴንሰር ነው። መኪናው ከኋላው ያለውን መጫኛ እንደ ግድግዳ ቆጥሮ ወደ ኋላ ሲነዳ ሊጮህ፣ ራሱ ፍሬን ሊይዝም ይችላል። የመጫኛው መብራት በሶኬት ከመኪናው ጋር ሲገናኝ አንዳንድ መኪኖች ተሳቢ የተጎተተ ይመስላቸውና የኋላ ሴንሰሮቹን ያጠፋሉ። ይህ ጩኸቱን ያስቀራል፤ ነገር ግን መስመር ጠብቆ የሚነዳውን እገዛም አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። ከመንገድ በፊት የመኪናውን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መብራትና ታርጋ ነው። ብስክሌቶቹ የፍሬን መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ታርጋውን ይጋርዳሉ። በአውሮፓ መጫኛዎች የራሳቸው መብራትና የታርጋ ቦታ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሰው ፍሬን መያዝዎን ካላየ የቁጠባው ሂሳብ ሁሉ ከንቱ ነው። በሌሊት ጉዞ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጣራ ጭነት ከእነዚህ ሦስቱም ነፃ ነው። ሐቁን ለመናገር፣ ከቤት 15 ኪሎ ሜትር ርቆ በከተማ ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ፖርቶመጋላ ይበቃዋል። ሁለት ብስክሌት የፊት ጎማቸው ተነቅሎ ወንበር ታጥፎ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ነፋሱም ሴንሰሩም አይነካቸውም። የኋላ መጫኛ የሚያሸንፈው መንገዱ ሲረዝም፣ ፍጥነቱ ሲጨምር፣ መኪናው በሰው ሲሞላ፣ ብስክሌቱም ጣራ ላይ ለማንሳት ሲከብድ ነው።

ዳገቱ የሚያሳየው እውነት

ከዴንቨር ተነስቶ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ከ1,600 ሜትር ከፍታ ጀምሮ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ 3,400 ሜትር ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ይደርሳል። ሰውና ብስክሌት ጭኖ 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን 1,800 ሜትር ለመውጣት ብቻ ወደ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ ሜዳ ላይ ከሚፈጀው በተጨማሪ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በብስክሌቶቹ ክብደት ላይ ያሳብባል። ግን ከ12ቱ ውስጥ የ72 ኪሎው ጭነት ድርሻ 0.35 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጀኔሬተርነት ተለውጦ ከዋጋው ከፊሉን ይመልሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የጭነቱ ክብደት ባትሪውን ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ነፋሱ ነው፤ መድኃኒቱም ፍጥነትን መቀነስ ነው። ከ110 ወደ 90 ዝቅ ማለት የነፋሱን ተቃውሞ በሲሶ ይቀንሳል። ክብደቱ የሚጎዳው ጋንቾውንና ጋንቾው የታሰረበትን የመኪናውን ብረት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ፍጥነት መቀነስ ብቻውን መድኃኒት አይሆነውም። የተፈቀደው ቁጥር መከበር አለበት።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ

አዲስ አበባ ለዚህ ሁሉ ምቹ ነገር አላት። ከተማዋ ባለችበት ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የነፋሱ ተቃውሞም በዚያው ልክ ይቀላል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ 2 ቶን የሚመዝን መኪና ከዚያ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያላነሰ ኃይል ይዞ ይወርዳል፤ ከፊሉን ወደ ባትሪው መመለስ ይችላል። በመመለሻው ግን ያው ዳገት ይጠብቀዋል፤ የፍጥነት መንገዱም በ120 ለመሄድ ይጋብዛል። እቅድ የሚወጣው በመልሱ ጉዞ ልክ መሆን አለበት።

መድረሻም አለ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የብስክሌት መንጃ ይዞ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ከከተማው ብዙ አይርቅም። የወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ገባው የተራራ ብስክሌት ለሚወድ ሰው የተሠራ ይመስላል። ኃይሉም የራሳችን ነው፤ የኤሌክትሪክ ምንጫችን በአብዛኛው ውኃ ሲሆን፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

የጎደለው ጋንቾው ነው። ወደ አገር ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚታየው ፎልክስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ተብሎ ነው። ለእነዚህ መኪኖች በአውሮፓ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ወስዶ መጠቀም አይቻልም። ባለቤቱም ቁጥር ሲያጣ ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል። የብየዳ ባለሙያዎቻችን እጃቸው ወርቅ ነው፤ ቱቦላሬ ቆርጠው በአንድ ቀን ጋንቾ ያቆሙለታል። ችግሩ ያለው ከሥሩ ነው። ለአሮጌዎቹ ፒክአፖች ብረት ሻንሲ የሚሠራው ዘዴ ለኤሌክትሪክ መኪና አይሆንም። ወለሉ ሙሉ ባትሪ ነው፤ የብየዳው እሳትና ኤሌክትሪክ ባትሪውንና ኮምፒውተሮቹን ሊጎዳ ይችላል። እንደ ሞዴል ዋይ ያሉት ደግሞ የኋላ አካላቸው በአንድ ላይ ቀልጦ የተሠራ ትልቅ አሉሚኒየም ስለሆነ ብረት ሊበየድበት አይችልም። ትክክለኛው ጋንቾ ለዚያ ሞዴል ተለክቶ፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ባለው የግጭት ብረት ላይ በብሎን የሚታሰር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህን አሁን ማስተካከል ይቀላል። አስመጪዎች መኪና ሲያዝዙ ለዚያ ሞዴል የተፈተነ ጋንቾ ካለ አብረው ያምጡ፤ ከሌለም ለገዢው በግልጽ ይንገሩት። እዚሁ አገር የሚገጣጥሙት ኩባንያዎች የበለጠ ዕድል አላቸው፤ ጋንቾን በፋብሪካቸው የሚገጥሙት አማራጭ ሊያደርጉት ይችላሉ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ደግሞ ለየሞዴሉ ወደ ታች እንዲያርፍ የሚፈቀደው ክብደት ከመኪናው ሰነድ ጋር እንዲቀርብ ቢያስገድድ፣ ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርገው ባለሙያም የሚመዝንበት መስፈርት ያገኛል። በብየዳ ቤት የሚሠራውን ጋንቾ ከመከልከል በፊት አስተማማኝ አማራጭ ማቅረብ ይቀድማል። ብየዳ ቤቶቹም በብሎን የሚታሰረውን አሠራር ቢሠለጥኑበት አዲስ ገበያ ይከፈትላቸዋል።

ለገዢው ያለኝ ምክር አጭር ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ለዚህ ሞዴል፣ በዚህ ገበያ፣ በአምራቹ የተፈቀደ ጋንቾ አለ ወይ? ወደ ታች ስንት ኪሎ ይሸከማል? የሚሞላበት ሶኬት የት ነው? መጫኛው ሲገጠም ታርጋውና መብራቱ እንዴት ይታያሉ? ከዚያ መጫኛውንና ብስክሌቶቹን ሚዛን ላይ አውጥተው ይደምሩ። ድምሩ ከተፈቀደው ካለፈ አንዱን ብስክሌት ቤት ይተዉ ወይም ሌላ መኪና ይምረጡ። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ፣ ቁጥሩ እስኪገኝ ድረስ ያ መኪና ከኋላው ምንም እንደማይሸከም ቆጥረው ይወስኑ።